ከታሉማ የመጣው ደብዳቤ

ማቴዎስ ወላሳ በየማለዳው የሚናደድበት ደብዳቤ አለው።

ደብዳቤውን በመስታወት ፍሬም አሠርቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ዙሪያውን ከአርባ አንድ አገር የመጡ ካርዶች ተለጥፈዋል። ካርዶቹን የላኩት የሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በማኅተም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ አዎ፣ የሰማኸው እኛን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ካርዶቹን ፍሬም አስገብቶ ደብዳቤውን ያቃጥለው ነበር። ማቴዎስ ግን ምስጋናውን በማስቲሽ ለጥፎ ስድቡን በመስታወት አኖረው። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ያየዋል። "ውሸታም አሉኝ" ይላል። ከዚያ ቁርሱን ይበላል።

ነገሩ የሆነው በ1980 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። ሀዋሳ ያኔ አዋሳ ትባል ነበር። ማቴዎስ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሥራው በአንድ መሥሪያ ቤት የመገናኛ ሬዲዮ ክፍል ውስጥ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ወረዳዎቹን አንድ በአንድ ይጠራል። መድኃኒት ያለቀበት ጤና ጣቢያ፣ ጭቃ የያዘው መኪና፣ የታመመ ሠራተኛ፤ ሁሉም በእሱ ጆሮ በኩል ያልፋል። የክፍሉ ሕግ አንድ መሥመር ነበር፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ ያልሰማኸውን አትጻፍ። በዚህ ሕግ ማቴዎስን የሚስተካከለው አልነበረም። ሰዓቱን፣ የጠሪውን ስም፣ ቃሉን እንዳለ ይመዘግባል። ያልጠራ ቃል ካለ ቦታውን ባዶ ይተወዋል እንጂ በግምት አይሞላውም።

ሥራ ሲያበቃ ደግሞ የቢሮውን መቀበያ ወደ ሌላ ሞገድ አዙሮ ሩቅ አገር ያድናል። በዓለም ዙሪያ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ወጋቸውም የታወቀ ነው። አድማጩ የሰማውን ቀን፣ ሰዓትና ዝርዝር ጽፎ ለጣቢያው ይልካል። ጣቢያው ከራሱ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ከተስማማ ካርድ ይመጣል። ካልተስማማ ጣቢያው ዝም ይላል።

ታሉማ ግን ዝም አላለችም።

ታሉማ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ደሴት ናት። የጣቢያዋ ጉልበት ከአንድ ወፍጮ ቤት ሞተር አይበልጥም። ማቴዎስ ያን ቀን ተረኛ ሆኖ ቢሮ ውስጥ ብቻውን ነበር። ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከጫጫታው ሥር መዝሙር ሰማ። ከዚያ አንዲት ሴት ሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን ስም እያነበበች በየደሴቱ ላሉ ዘመዶቻቸው ማን እንደተሻለው ተናገረች። ደወል ተደወለ። "ታሉማ" አለች፤ ሁለት ጊዜ። ማቴዎስ ሁሉንም ጻፈ። በማግሥቱ ገልብጦ፣ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሶ፣ ፖስታ ቤት ወሰደው።

መልሱ በአራተኛው ወር መጣ። "ክቡር ሆይ፤ በጠቀሱት ዕለት፣ ቅዳሜ ኖቬምበር 28፣ በተባለው ሰዓት ያስተላለፍነው የቦክስ ግጥሚያ ነበር። መዝሙርም ሆነ የሕሙማን ስም አልተላለፈም። ጣቢያችን በአፍሪካ ተሰምቶ አያውቅም። ከመዝገባችን ጋር የማይስማማ ሪፖርት ስለማናረጋግጥ እናዝናለን።"

ደብዳቤው የመጣው በመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሣጥን ነው። ከፍቶ ያነበበው ማቴዎስ ሳይሆን ጎኑ የሚቀመጠው ኃይለሚካኤል ነበር። ያነበበውም በሻይ ሰዓት፣ ጮክ ብሎ፣ ሠራተኛው በሙሉ ባለበት ነው።

"ጎበዝ፣ ማቴዎስ ቦክሱን መዝሙር አድርጎታል!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ደሴት ሆነ። በሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ ደሴት አሉት። ሞባይል ስልክ መጥቶ የሬዲዮ ክፍሉ ሲዘጋ፣ መቀበያውን ተሸክመው ሲያወጡት፣ "ደሴት ሰመጠች" ተባለ። ወደ መዝገብ ቤት አዛውረውት እስከ ስልሳ ዓመቱ ፋይል ደረደረ። በጡረታ ሽኝቱ ላይ አለቃው ንግግሩን ሲጀምር "የተወደድክ ጋሽ ደሴት" ብሎ አዳራሹን አሳቀ። ማቴዎስ የተሰጠውን ጋቢ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።

ሚስቱ ሞታለች። ታቦር ተራራ ሥር በሠራት ቤት ከልጁ ከሐዳሳ ጋር ይኖራል። ሐዳሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች። ባለፈው ክረምት የውጭ አገር አለቃዋ ከአገሩ ሲመለስ አንድ ሬዲዮ አስመጥታ ሰጠችው። ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ሞገዱን የሚያሳየው በመርፌ ሳይሆን በቁጥር ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ከታች እስከ ላይ ራሱ እየፈለገ ያገኘውን ጣቢያ ያስቀምጣል። ማቴዎስ ለሦስት ቀን መመሪያውን አነበበ። ሰዓቱን በግሪንዊች አቆጣጠር ሞላው። ቀን የሚሞላበት ቦታ አልነበረውም። እሱም አልፈለገውም።

በኅዳር መጀመሪያ ሐዳሳ ስልኳን እያየች፣ "አባዬ፣ ያቺ ደሴትህ ልትዘጋ ነው" አለችው።

"ምን ትዘጋለች?"

"አጭር ሞገዱን። ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት ብቻ ነው ይላል። ዲሴምበር 31፣ በእነሱ እኩለ ሌሊት።"

ማቴዎስ የያዘውን ኩባያ አስቀመጠ። ሠላሳ ስድስት ዓመት። ያቺ ጣቢያ ሞገዷ ላይ እስካለች ድረስ አንድ ቀን ይሰማታል፤ ሰምቶ ይቀዳታል፤ ቀድቶ ይልክላታል። ጆሮው እውነቱን እንደተናገረ በጽሑፍ ታምናለች። ከተዘጋች ግን የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። መስታወት ውስጥ ያለው።

"በእነሱ እኩለ ሌሊት ማለት በግሪንዊች ዐሥራ አምስት ሰዓት ነው" አለ። "በእኛ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ታኅሣሥ 23። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 22 ነው።"

"ስልኬ ላይ ልየው?"

"ስልክሽን ተይው። እኔ ስልክሽ ሳይፈጠር ነው ቀን ያወጣሁት።"

ሐዳሳ ተወችው። ከአባቷ ጋር በቁጥር መከራከር ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች።

በዚያው ሳምንት ማቴዎስ ሬዲዮውን በየምሽቱ ከዐሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይዞ ተቀመጠ። የሚሰማው ግን ጫጫታ ብቻ ነው። ተራ ጫጫታም አይደለም፤ እንደ ምላጭ የሚፍቅ፣ በየሁለት ሴኮንዱ ከፍ ዝቅ የሚል። አንድ ቀን የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ጫጫታውም አብሮ ጠፋ። ለአራት ደቂቃ ያህል በጣም ሩቅ የሆነ የሰው ድምፅ ሰማ። ቃሉ አይለይም። ቁጥሩ ግን የታሉማ ነው። መብራት መጣ፤ ድምፁ ሞተ። ማቴዎስ ሬዲዮውን አንሥቶ ወጣ። ሐኪም የበሽተኛ ደረት እንደሚያዳምጠው ግድግዳውን፣ አጥሩን፣ ምሰሶውን እያዳመጠ ሄደ። ጫጫታው እያደገ እያደገ የሙንተሃ ሱቅ በር ላይ ጣሪያ ነካ።

ሙንተሃ አስፋልቱ ዳር ሱቅ ያላት የአርባ ዓመት ሴት ናት። አባቷም እዚያው ነጋዴ ነበሩ። በመስከረም በሯ ላይ የሚሮጥ ፊደል ያለው መብራት አስተክላለች፤ "ሙንተሃ ሱፐርማርኬት" የሚለው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየሮጠ ይጠፋና እንደገና ይመጣል። ማቴዎስ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ፣ ዐይኑን መብራቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ፊደላቱ ሲመጡ ይጮኻል፤ ሲጠፉ ይበርዳል። ሁለት ጊዜ ገብቶ አጥፊልኝ አላት። ሁለቴም ሳቀችበት።

ስለዚህ ከከተማ ሊወጣ ወሰነ። በኅዳር መጨረሻ ባጃጅ ተኮናትሮ ቡሹሎ ሄደ። ጤና ጣቢያውን አልፎ፣ ማሳ ለማሳ ወደ ሐይቁ ወርዶ፣ በሁለት ግራሮች መካከል ዐሥር ሜትር ሽቦ ዘረጋ። ሬዲዮውን ከፈተ። ጸጥታው የሚጠጣ ውኃ ይመስል ነበር። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለት የአካባቢ ጠባቂዎች ከኋላው መጡ።

"አባት፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"አላወራም። እሰማለሁ።"

"ምን ትሰማለህ?"

"ደሴት።"

ጠባቂዎቹ ተያዩ። "እዚህ ጉማሬ ነው እንጂ ደሴት የለም" አለ አንዱ።

ማቴዎስ በአካባቢው ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ አስረዳቸው። ባሰ። የአገሩ ሰው ሆኖ እንዲህ ያለ ሥራ! ደብተሩን ገለጡት፤ ገጹ ሁሉ ቁጥር ነው።

"ይሄ የማን ስልክ ነው?"

"ስልክ አይደለም፤ ሞገድ ነው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም!"

"እንግዲያው ለምን ትቆጣለህ?"

ሽቦውን ጠቅልለው፣ እሱን ከመሀል አድርገው ወደ ቢሮ ወሰዱት። ታሉማ ስትናገር እሱ የአያቱን ስም እያስመዘገበ ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ኃላፊው መጥቶ ሬዲዮውን አገላበጠና "ሬዲዮ ነው፤ ልቀቁት" አለ። ከዚያ ወደ ማቴዎስ ዞሮ፣ "ሁለተኛ ሽቦ ይዘው ሲመጡ ግን ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ ያምጡ።"

"የሚመለከተው አካል ማነው?"

"እሱን እርስዎ ያጣሩ።"

ማቴዎስ እስከ ታቦር ድረስ ባጃጅ ውስጥ ብቻውን ሲሳደብ መጣ። ሹፌሩ መስታወቱን ወደ ላይ ገፋው፤ ላለማየት።

ታኅሣሥ 21 እሑድ ነበር። ከቸርች ተመልሶ ምሳውን በላ። ሐዳሳ ከቢሮ ልጆች ጋር ሐይቅ ዳር እንደምትሄድና እንደምታመሽ ነግራው፣ ከወትሮው ይልቅ ተኳኩላ ወጣች። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ሐሳቡ ነገ ላይ ነበር። ስልኩን አንሥቶ ኃይለሚካኤል ጋ ደወለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ራሱ ደውሎለት አያውቅም።

"ነገ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ስልክህን አትዝጋ" አለው። "ታሉማን አሰማሃለሁ።"

"ደሴት!" አለ ኃይለሚካኤል፤ ሳቁ በጥርሱ ክፍተት ያፏጫል። "እስካሁን አልሰመጠችም እንዴ?"

ዘጋበት። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ይዞ ሙንተሃ ሱቅ ገባ።

"ነገ ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ይሄን መብራትሽን ታጠፊልኛለሽ።"

"ጋሼ፣ ደግሞ መጡ?" ሙንተሃ ስኳር እየመዘነች ነበር። "መብራቴ ምን አደረገዎት? ዐይንዎን ወጋው?"

"ጆሮዬን!"

"መብራት ጆሮ መውጋት ከመቼ ጀመረ?" አለ በሩ ላይ የቆመ የባጃጅ ሹፌር።

"አንተን ማን ጠራህ?"

"ፋዘር፣ ያገባኛል። ሰው ሁሉ 'ሙንተሃ መብራቱ ጋ' ነው የሚለኝ። ከጠፋ የት ላውርዳቸው?"

ሰው ሳቀ። ማቴዎስ ሬዲዮውን ከፍቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀና ወደ መብራቱ አስጠጋው። ጩኸቱ ሱቁን ሞላው። ስኳር የምትገዛው ሴት ጆሮዋን ያዘች።

"ይሄ ከእኔ ነው?" አለች ሙንተሃ።

"ከአንቺ ነው! ሦስት ወር ሙሉ ከአንቺ ነው!"

"እሺ ነው እንበል። ዐሥራ አንድና ዐሥራ ሁለት እኮ ሰው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ነው። ሱቄ ጨልሞ ያየ ሰው ዘግታለች ብሎ ያልፋል። ነገ ካልሆነ አይሆንም? ማክሰኞ ያዳምጡ።"

"ማክሰኞ የለም! ነገ ትዘጋለች!"

"ማን ናት እሷ?"

ከዚያ ነገራት። እየጮኸ ነገራት። ስለ መዝሙሩ፣ ስለ ሕሙማኑ ስም፣ በሻይ ሰዓት ስለተነበበው ደብዳቤ፣ ስለ ጋቢው። ስኳር ገዢዋ ስኳሯን ይዛ ቆመች። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ማቴዎስ የቡሹሎ ጠባቂዎችን፣ የሚመለከተውን አካል፣ ኃይለሚካኤልንና የቀድሞ አለቃውን ተራ በተራ ረገመ። ከዚያ ተመልሶ ሙንተሃን ያዛት፤ መብራት አይደለም የሰቀልሽው፣ ሰውን ማደንቆሪያ ነው፤ አባትሽ በፋኖስ ነግደው ነው ቤት የሠሩት፤ አንቺ ስምሽን ካላስሮጥሽ ሰው አያውቅሽም?

"አባቴን ይተዉልኝ!" አለች ሙንተሃ፤ እሷም ጮኸች። "የሰው ሱቅ መሀል ቆመው አባቴን አያንሡ!"

"አላነሣሁም! የማነሣው ስሜን ነው! ሳልዋሽ ውሸታም አሉኝ! ሠላሳ ስድስት ዓመት!"

ሙንተሃ ሚዛኑ ላይ እጇን አሳረፈች።

"እኔን ዘይት ትቀላቅላለች ብለው አውርተውብኝ ነበር" አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሰፈሩ በሙሉ። ስንት ዓመት ሆነው፤ አሁንም ዘይት ስቀዳ እጄን የሚያይ አለ።" ስኳሩን ዐይታ፣ መብራቱን ዐይታ፣ "እሺ። ነገ ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ ሁለት አጠፋዋለሁ። ፍሪጁንም እነቅለዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ። ሁለተኛ ግን አባቴን እንዳያነሡ።"

"አላነሣም።"

ማቴዎስ ሰዓቱን አየ። የሬዲዮው ሰዓት 15፡04 ይላል። ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ከአራት። ከአንድ ሰዓት በላይ ጮኋል፤ ጉሮሮው ደርቋል። ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። ተኝቶ ሳለ ከሐይቅ ዳር የርችት ድምፅ መጣ። የማን ሰርግ ነው በእሑድ ሌሊት ብሎ ተሳድቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሰኞ በዐሥራ አንድ ሰዓት ሙንተሃ መብራቷን አጠፋች። ፍሪጁን ነቀለች። ሱቁ ውስጥ ሻማ አበራች። ማቴዎስ ከደጁ ሆኖ አየና ገባ። ሽቦውን ከመስኮቱ እስከ ጓሮ የፓፓያ ዛፍ ዘርግቶት ነበር። ሬዲዮውን ከፈተ።

ጫጫታው የለም። ከሦስት ወር ወዲህ እንዲህ ያለ ጸጥታ ቤቱ ውስጥ አልሰማም። ከታሉማ ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብሎ ከእስያ ጫፍ አንዲት ሴት ስትዘፍን መጣች፤ የምትስበው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ትንሽ ከፍ ሲል አንድ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ዜና ያነባል። ምሽቱ ለጆሮ የተሠራ ነበር። የድምፅ መቅጃ አዘጋጀ። ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ሬዲዮውን ወደ ታሉማ ቁጥር አዞረው።

ምንም።

አንድ ቁጥር ወደ ላይ፣ አንድ ቁጥር ወደ ታች ሞከረ። ሽቦውን ነካካ። ከአሮጌው ደብተር ሞገዱን አመሳከረ፤ ትክክል ነው። ዐሥራ ሁለት ሊሆን ሩብ ጉዳይ። ምንም። ዐሥር ጉዳይ። አምስት ጉዳይ። የተዘጋ ጣቢያ ሞገድ የራሱ ድምፅ አለው፤ ንጹሕ ትንፋሽ፣ ከኋላው ማንም የሌለበት። ማቴዎስ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። አለፈ።

"ውሸታሞች!" ብሎ ተነሣ። ወንበሩ ወደቀ። "ቀን ሰጥተው ሳይደርስ ዘጉት! ራሳቸው ውሸታሞች!" ወረቀት ስቦ ደብዳቤ ጀመረ። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ባልተቋረጠ ጸጥታ አዳምጬ፣ የተናገራችሁትን ቃል አጥፋችሁ አገኘኋችሁ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ይቀድደዋል።

ሐዳሳ ከሥራ ገባች። "አባዬ፣ የሙንተሃ ሱቅ ምን ሆኖ ነው የጨለመው? ምን ሆነሃል አንተስ?"

"ታሉማ! ሳይደርስ ዘግተዋል! ዲሴምበር 31 አላሉም?"

"ብለዋል።"

"ታዲያ የታሉ?"

ሐዳሳ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። "አባዬ፣ ዲሴምበር 31 ትናንት ነበር።"

"ዛሬ ታኅሣሥ 22 ነው!"

"አዎ። ጃንዋሪ አንድ። አለቆቼ ሃፒ ኒው ዪር ሲሉን ነው የዋሉት። ትናንት ማታ ለምን የወጣሁ መሰለህ? ርችቱን አልሰማህም?"

"ጃንዋሪ አንድ ታኅሣሥ 23 ነው።"

"በሌላው ዓመት። ዘንድሮ አይደለም።" ድምፅዋን ቀነሰች። "ጳጉሜ ስድስት ነበረች እኮ፣ አባዬ። በስድስተኛው ቀን ውኃ ጠፍቶ 'ይህቺ ትርፍ ቀን ለማን ናት' እያልክ ስትሳደብ ዋልክ።"

በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ አንድ ቀን ትጨምራለች። ያኔ እስከ የካቲት ድረስ የእኛና የፈረንጅ ቀን በአንድ ይዛነፋል። ይህን ማንም ያውቃል። ማቴዎስም ያውቃል። ትናንት በዐሥራ አንድ ተኩል የት እንደነበረ አሰበ። ሱቁ መሀል። እየጮኸ።

ወንበሩን አላነሣውም። ግድግዳው ፊት ቆመ። ለስንት ሺህኛ ጊዜ ደብዳቤውን አነበበ፤ ይህን ጊዜ ግን እንደ ሬዲዮ ሠራተኛ፣ ቃል በቃል። "ቅዳሜ ኖቬምበር 28።" ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ የ1980ውን ደብተር ገለጠ። ኅዳር 19። ከጎኑ በራሱ የእጅ ጽሑፍ፦ "እሑድ፤ ተረኛ።" ከቸርች ወጥቶ፣ ልብሱን ሳይቀይር፣ ወደ ቢሮ የሄደበት እሑድ። ጣቱን አንሥቶ ዓመቶቹን በአራት በአራት ወደ ኋላ ቆጠረ። 2015፣ 2011፣ 2007... ዐሥረኛው ላይ 1979 ደረሰ። ያን ዓመትም ጳጉሜ ስድስት ነበረች። ኅዳር 19 የዋለው ኖቬምበር 29 ነው።

እሑድ የሰማውን መዝሙር ቅዳሜ ብሎ ጽፎ ልኳል። ቅዳሜ ቦክስ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጆሮው አልዋሸም፤ ታሉማም አልዋሸችም። መልሱ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ መስታወት ውስጥ፣ በመጀመሪያው መሥመር ላይ፣ ዐይኑ ፊት ተሰቅሎ ነበር። አንድ ቃል። ተናዶ ስለሚያነበው አላየውም።

ያን ጊዜ አንድ ወረቀት፣ አንድ ቴምብር፣ "ቀኑን በአንድ ተሳስቻለሁ" የሚል አንድ መሥመር ይበቃ ነበር። ትናንትም ቢሆን አንድ ጊዜ ስልኳን ማየት።

በሩ ተንኳኳ። ሙንተሃ ናት፤ ነጠላዋን ተከናንባ።

"ዐሥራ ሁለት አልፏል፤ ግን ምናልባት ካልጨረሱ ብዬ አላበራሁም" አለች። "ሰሙት ጋሼ?"

ማቴዎስ አያት። አንድ ቃል ነው የሚፈለገው። ሰማሁት ቢል ደስ ብሏት ትሄዳለች። ሹፌሩ ይሰማል፤ ሰፈሩ ይሰማል፤ ኃይለሚካኤልም ይሰማል። ማንም አያመሳክርም። የሚያመሳክር ጣቢያ የለም።

"አልሰማሁም" አለ።

"ለምን? መብራቱ ጠፍቶ የለ? ፍሪጁን ሳይቀር ነቅዬ!"

"መብራትሽ አይደለም። ቀን ተሳስቼ ነው። የተዘጋችው ትናንት ነው።"

"ትናንት መቼ?"

"ስጮህብሽ።"

ሙንተሃ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፋችው። ከዚያ ፊቷ ቀላ። "እኔ እንግዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ በሻማ የተቀመጥኩት ለምንም ነው? ደንበኛዬ ሁሉ 'ዘግታለች' ብሎ ሲያልፍ እያየሁ? አባቴን ያሰደብኩት ለምንም ነው?"

"ለምንም ነው።"

"ወላሂ ጋሼ፣ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ለመስደብ አይመችም እንጂ...!" ዞረች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። "ላብራው?"

"አብሪው። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ወደ ሱቋ ሄደች። ከደቂቃ በኋላ "ሙንተሃ ሱፐርማርኬት" በአስፋልቱ ላይ መሮጥ ጀመረ፤ ክፍት የነበረው ሬዲዮም በየሁለት ሴኮንዱ እየጮኸ ቤቱን ሞላው። ማቴዎስ አጠፋው። ያጋመሰውን ደብዳቤ ቀደደው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኃይለሚካኤል ነው። አላነሣውም። ያነሣዋል፤ ይነግረዋልም፤ ሳቁንም ይሰማል። መጀመሪያ ግን መዝገብ ነው።

ደብተሩን ስቦ አዲስ ገጽ ገለጠና ጻፈ፦

"ታኅሣሥ 22 ቀን 2016። ሰኞ። ከቀኑ 11፡30 እስከ ምሽቱ 12፡05። ታሉማ። ጫጫታ፦ የለም። ምልክት፦ የለም። ምክንያት፦ አድማጩ ቀን ተሳስቷል።"